ሻርክና የሌሊት ወፍ በአንድ ወረቀት፦ ለከተማችን ኢሪያ (ማዘጋጃ ቤት) የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበራችሁ የኢሪያው የአካባቢ ጥበቃ ክፍልና የነዋሪዎች መረጃ ክፍል ኃላፊዎች፣

ሻሎም፣ ጤና ይስጥልን።

ይሄን የምጽፈው ባለፈው ወር በየፖስታ ሳጥናችን ስለተጨመረው ባለ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከላይ በቀይ "ተጠንቀቁ፣ አደገኛ እንስሳት" ይላል፣ በግራ አፉን የከፈተ ሻርክ አለ፣ በቀኝ ጥርሷን ያገጠጠች የሌሊት ወፍ አለች፣ መሀል ላይ ደግሞ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ምክር፦ "አትቅረቡ፣ ካያችሁ ወዲያው ደውሉ።" በዚያው ሳምንት ከማትናሱ (ከሰፈሩ የማኅበረሰብ ማዕከል) በስልካችን መልእክት ገባ፣ የኛ የአማርኛ ተናጋሪ ወላጆችና ልጆች ቡድን የሚያደርገው የማታ የአታሌፍ (የሌሊት ወፍ) ጉብኝትና ክረምት ክረምት ሐደራ (የእስራኤል የባሕር ዳር ከተማ) ሄደን ከዳር ሆነን ሻርክ የምናይበት ጉዞ "ለደኅንነት ሲባል" ተሰርዟል ይላል። ለጊዜው ይሁን ለዘለቄታው አይልም፣ ማን እንደወሰነም አይልም።

ሦስት ጊዜ ቢሮ ሄጃለሁ። አንደኛው ክፍል ወደ ሁለተኛው ላከኝ ሁለተኛው ወደ አንደኛው መለሰኝ፣ በሦስተኛው ቀን ያገኘኋት ልጅ (ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ እንደውም ውሃ ሰጥታኛለች) "በጽሑፍ አቅርቢ" አለችኝ። ይኸው በጽሑፍ። ግልጽ ያደረኩት ደግሞ በሁለት ክፍል መሀል ተንከራቶ እንዳይጠፋ ነው።

መጀመሪያ የአማርኛው ነገር። በወረቀቱ ጀርባ በአራት ቋንቋ ተጽፏል፣ አማርኛም አለበት፣ ለዚያ እናመሰግን ነበር ሰው አንብቦት ቢሆን። ካሪሽን (ሻርኩን) "ዓሣ ነባሪ" ብላችሁታል። ዓሣ ነባሪ ሌላ እንስሳ ነው፣ አየር ሊተነፍስ ብቅ የሚል፣ ልጁን የሚያጠባ፣ ጭራሽ ዓሣ ያልሆነ። እኛ ሰፈር አንዲት እማማ የልጅ ልጃቸው ወረቀቱን ሲያነብላቸው "ይሄማ የዮናሱ ነው፣ እሱስ ሰውዬውን በሦስተኛው ቀን ደህና አድርጎ መልሶታል" ብለው ሳቁ። ሳቁ እንጂ አልተጠነቀቁም። ሻርክ በሉት ምን ቸገራችሁ፣ ካሪሽም ብትሉት እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የሌሊት ወፏ ላይ ደግሞ ይባስ ብሎ "ጎጆዋንና እንቁላሏን አትንኩ" ይላል። የትኛውን እንቁላል? ስሟ ወፍ ስለሆነ መሰለኝ ማሽን ተርጓሚው የራሱን የጨመረው። አያቴ የምትነግረን ተረት ነበር፣ የሌሊት ወፍ ግብር ሰብሳቢ ሲመጣባት ከወፎች ጋ "እኔ ጥርስ አለኝ"፣ ከአይጦች ጋ "እኔ ክንፍ አለኝ" እያለች ሳትከፍል ቀረች የሚል። እናንተ እንቁላል አስጥላችሁ ከወፎቹ ጋ አስከፈላችኋት። እና የሚገርመው ሻርኩም እንቁላል አይጥልም፣ ሐደራ የሚመጡት ሁለቱም ዓይነቶች ነፍስ ያለው ልጅ ነው የሚወልዱት፣ እንግዲህ እንቁላል የሚጥል እንስሳ ወረቀቱ ላይ አንድም የለም።

ፎቶዎቹንም ልብ በሉልኝ። ሻርኩ ትልቁ ነጭ ሻርክ ነው፣ ሐደራ ውሃ ውስጥ ሰው የሚያየው ግን ዳስኪና ሳንድባር የሚባሉትን ነው። የሌሊት ወፏ ደግሞ ላቲን አሜሪካ ያለችው ደም የምትልሰዋ ናት። እኛ መንገድ ላይ ፊኩስ ዛፍ ላይ የምትንጫጫው ፍሬ በሊታዋ ናት፣ የግብፅ የሌሊት ወፍ የሚሏት፣ ከግብፅና ከእስራኤል ሌላ ቆጵሮስም ቱርክም ኢትዮጵያም ያለች። ደም ቀርቶ ትንኝ አትበላም።

እንግዲህ እናንተው አጣምራችኋቸዋልና እኔም ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው፣ የቅሬታዬ ፍሬ ነገር እዚያ ውስጥ ስለሆነ። ባዮሎጂስት አይደለሁም፣ የአስጎብኚ ኮርስ ወስጄ ቡድኑን ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ።

ሳንድባሩን ልውሰድ። ሁለት ሜትር ገደማ፣ ጀርባው ላይ ከቁመቱ ጋ የማይመጣጠን ረጅም ባለሦስት ማዕዘን ክንፍ ያለው፣ አጥንት የሌለው በልም አጥንት የተሠራ፣ ቆዳው ከራስ ወደ ጭራ ሲዳስሱት ለስላሳ ከጭራ ወደ ራስ ሲመልሱት ብርጭቆ ወረቀት። የሌሊት ወፏ ክብደት 150 ግራም ገደማ፣ ከአንድ ብርቱካን አትበልጥም፣ ክንፏ ሲዘረጋ ግን 60 ሳንቲሜትር ይደርሳል፣ ክንፉም ላባ ሳይሆን እጅ ነው፣ በረጃጅም ጣቶች መሀል የተወጠረ ስስ ቆዳ። ጉብኝት ላይ ልጆቹን እጃችሁን ዘርጉና ጃንጥላ አስቡ እላቸዋለሁ፣ ወዲያው ይገባቸዋል።

ሁለቱም በጨለማ መንገድ አይጠፋቸውም፣ ግን በምን? ሻርኩ አፍንጫው ዙሪያ በመርፌ የተበሳ የሚመስል ቀዳዳ ሞልቶታል፣ ጣሊያናዊው ሐኪም ሎሬንዚኒ በ1678 የጻፈባቸው፣ በነሱ አሸዋ ውስጥ የተደበቀ ዓሣ ጡንቻው ሲንቀሳቀስ የሚያወጣትን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይሰማል። የሌሊት ወፏ በምላሷ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ ታዳምጣለች፣ አብዛኞቹ ትልልቅ ፍሬ በሊታዎች ይሄን አይችሉም እሷና ዘመዶቿ ግን ይችላሉ። ፊኩሱ ሥር ዝም ብላችሁ ብትቆሙ ጠቅታውን በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ። ዓይነ ስውር ናት የሚባለውም ውሸት ነው፣ ዓይኗ ትልቅ ነው ደህና አድርጋ ታያለች።

ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዮሲ ዮቬል የሚባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋ 22 የሌሊት ወፎች 75 ቀን ሙሉ ቀርጾ ጭቅጭቃቸውን አጥንቷል፣ በ2016 ነው የወጣው፣ ማን እንደጮኸ ማን ላይ እንደጮኸ በምግብ ይሁን በመኝታ ቦታ ከድምፁ ብቻ በተወሰነ ደረጃ መለየት ይቻላል። ይሄን ለቡድናችን እናቶች ስነግራቸው አንዷ "የኛ ዋአድ ባይት (የሕንፃ ነዋሪዎች ኮሚቴ) ስብሰባ ማለት ነዋ" አለች። እንዲህ ነው ሰው እንስሳን የሚወደው፣ በቀይ ቀለም አይደለም።

ወሊዳቸውን ደግሞ እዩት። ሳንድባሯ አንድ ዓመት ገደማ ታረግዛለች፣ ጽንሱ እንደኛ በእትብት ይመገባል (ይሄን ስሰማ እኔ ራሴ አላመንኩም ነበር)፣ ስምንትም አሥርም ትወልዳለች፣ እያንዳንዱ ሲወለድ 60 ሳንቲሜትር ያህላል፣ ከዚያ ጥላቸው ትሄዳለች፣ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይታ ነው እንደገና የምትወልደው። የሌሊት ወፏ አራት ወር ገደማ አርግዛ አንድ ትወልዳለች፣ ታጠባለች፣ ሆዷ ላይ ለጥፋ ይዛው ትበራለች፣ ሲከብዳት ማታ ማታ ዛፍ ላይ አስቀምጣው ሄዳ ትመገብና ተመልሳ ትወስደዋለች። ልክ ልጆቻችንን ጋን (መዋዕለ ሕፃናት) አድርሰን እንደምንሄደው። ለማንኛውም ሁለቱም እንደ አይጥ አይራቡም፣ ሰው አንዴ ከጨረሳቸው ቶሎ አይመለሱም።

ኦሪትም ሁለቱን ያገናኛቸዋል መቼም። ዘሌዋውያን 11 ላይ የሌሊት ወፍ ከማይበሉት ወፎች ጋ ተቆጥራለች፣ ሻርኩም ክንፍ ቢኖረው ቅርፊት ስለሌለው አይበላም። የሰፈራችን ቄስ ወረቀቱን ሳሳያቸው "አትብሏቸው ተባልን እንጂ ጥሏቸው አልተባልንም" አሉኝ።

አሁን ወደ አደጋው። አደጋ የለም አላልኩም፣ ማንም እንዲህ ብላለች ብሎ እንዳያወራብኝ። ሐደራ ላይ አፕሪል 21 2025 አንድ ዋናተኛ በሻርክ ሕይወቱ አልፏል፣ ነፍሱን በገነት ያኑርልን። ሻርኮቹ ግን እዚያ የሚሰበሰቡት የሰው ሥጋ ፈልገው አይደለም። ኦሮት ራቢን የመብራት ማመንጫው ማሽን ያቀዘቀዘበትን ውሃ ወደ ባህር ይለቀዋል፣ ውሃው ሞቃት ነው፣ ስለዚህ ከኖቬምበር ጀምሮ እስከ ሜይ ድረስ ይመጣሉ። ሰው ደግሞ ዓሣ ይወረውርላቸዋል፣ መሀላቸው ገብቶ ይዋኛል፣ ጭራቸውን የሚጎትትም ነበር። እንግዲህ ለሻርክ የሚሆነው ምክር ግልጽ ነው፦ እዚያ አካባቢ ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ ምግብ አትወርውሩ፣ ከዳር ሆናችሁ እዩ። እኛ ስድስት ዓመት ያደረግነውም ይሄንኑ ነው፣ ባይኖኩላር ይዘን፣ አንድም ልጅ እግሩን አርጥቦ አያውቅም። ባህር ዳር ቆሞ የተማረ ልጅ ነው ሲያድግ ጓደኛው "ና እንግባ" ሲለው እምቢ የሚለው፣ ጉዞውን መሰረዝ ማንን እንደሚጠብቅ አልገባኝም።

ለሌሊት ወፍ የሚሆነው ምክር ሌላ ነው። አትቅረቡ ማለት ምን ማለት ነው፣ ከራሴ ቤት በር ፊት ለፊት ዛፉ ላይ ነው ያለችው! ካያችሁ ደውሉ ካላችሁማ በየማታው መቶ ጊዜ ልንደውል ነው። መባል ያለበት፦ መሬት የወደቀች የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ አትንኩ፣ ልጅ ከነከሰች ወይ ከቧጨረች ወዲያው በሳሙናና በውሃ ብዙ ደቂቃ እጠቡና ሐኪም ጋ ውሰዱ፣ ብዙ የሌሊት ወፍ ያለበት ዋሻና የተዘጋ ምድር ቤት ውስጥ አትግቡ። ይሄ ሦስት መስመር ነው፣ ነጩ ሻርክ የያዘው ቦታ ላይ ይገባ ነበር።

ስለ ማርበርግ፣ ስለዚያ ገዳይ የቫይረስ በሽታ፣ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፣ እናንተ ባትጽፉትም ወረቀቱ ያን እሳት አቀጣጥሎታል። ኖቬምበር 2025 ላይ ደቡብ ኢትዮጵያ ጂንካ ማርበርግ ሲረጋገጥ እዚህ ያለን ሰዎች እንቅልፍ አልነበረንም፣ ዘመድ ያለው ሰው ቀን ማታ ስልክ ላይ ነበር። ቫይረሱ ከዚች ፍሬ በሊታ ዝርያ ጋ እንደሚያያዝ እውነት ነው፣ ዩጋንዳ ውስጥ በማዕድን ጉድጓድና በዋሻ ውስጥ ባሉት ላይ ተገኝቷል። ሰውን የሚይዘውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ቦታ ገብቶ ሲቆይ ነው፣ ከዚያ ከታመመው ሰው በደምና በሰውነት ፈሳሽ ወደ ሌላው ይሻገራል። በአየር ላይ የምታልፍ የሌሊት ወፍ በማለፏ ብቻ በሽታ አታስይዝም።

ወረቀታችሁ የወጣ ሳምንት ግን ከቡድናችን የአንዷ ልጅ፣ የሦስተኛ ኪታ (ክፍል) ተማሪ፣ ከትምህርት ቤት እያለቀሰ መጣ። ልጆች "አታሌፍ" ብለው ጠርተውታል፣ አጠገቡ የምትቀመጠውን ልጅ "ከኢትዮጵያ በሽታ አምጥተዋል" ብለዋታል፣ ወረቀቱን ደግሞ አንዱ ልጅ ክፍል ውስጥ ይዞ መጥቶ ቦርሳው ላይ ለጥፎበታል። ልጁ ሐደራ አካባቢ ነው የተወለደው፣ ኢትዮጵያን በፎቶ ነው የሚያውቃት። ማርበርግ እኮ የጀርመን ከተማ ስም ነው፣ በ1967 መጀመሪያ የታወቀው እዚያ ነው፣ ከዩጋንዳ ለላቦራቶሪ ከመጡ ጦጣዎች። ጀርመን ተብሎ የተገፋ ልጅ ግን አልሰማሁም። ሞራዋ (አስተማሪዋ) "የልጆች ጨዋታ ነው" ብላለች አሉ። እናትየው እዚሁ ቡድን ውስጥ ስላለች ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አንድ የቀረኝ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ባለፈው ጁን ከፓርኩ ጀርባ ያለውን የተዘጋውን ሕንፃ ምድር ቤት ቀዳዳ በኢሪያው ኮንትራክተር አስደፍናችኋል። ለምን እንደተፈለገ ይገባኛል፣ ኩሳቸው መኪና ያበላሻል፣ የኔ መኪና ነጭ ናት፣ ሸሰክ (እኛ ውሽመላ የምንለው) የሚበስል ሰሞን ጠዋት ጠዋት እያጠብኩ ነው ሥራ የምሄደው። ሠራተኞቹም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እስኪመሽ ቆዩ፣ የሌሊት ወፎቹ ተራ በተራ ወጥተው እስኪያልቁ ጠበቁ፣ ባዶ ነው ብለው በፎም ደፈኑት። ጁን ነው እኮ! ልጆቹ ውስጥ ናቸው። መብረር ያልቻሉት ጣሪያው ላይ ተንጠልጥለው እናት ነው የሚጠብቁት።

ያን ለሊት ከልጄ ጋ እዚያ ነበርን። አሥር ሰዓት ገደማ ንጋት ላይ መመለስ ጀመሩ። አንዷ መጣችና ቀዳዳው የነበረበት ጋ ስትደርስ ሸርተት ብላ ዞረች፣ እንደገና መጣች፣ ገና ያልጠነከረው ቢጫ ፎም ላይ አረፈች፣ በክንፏ ጥፍር ቧጨረችው፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ትላለች። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ አምስት ስድስት፣ ግድግዳው በነሱ ጠቆረ። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ልጄ "እማ ለምን አንከፍተውም?" አለኝ፣ እኔ ደግሞ የኢሪያ ንብረት መንካት ወንጀል ነው ብዬ ቆምኩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለእናንተ ደወልኩ፣ ተመዝግቧል ተባልኩ። ሰው የመጣው በአራተኛው ቀን ነው፣ ሽታው ስለወጣ። ስንት እንደሞቱ አልተነገረንም።

እዚህ አገር ይሄ አዲስ አይደለም። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ዓመት ፍሬ በሊታዋ የገበሬ ጠላት ተብላ ዋሻዎች በመርዝ ይታጠኑ ነበር፣ በዚያው ትንኝና የእህል ተባይ የሚበሉት ትናንሾቹ የሌሊት ወፎች አብረው አለቁ። ሻርክ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ነክተህ ከተያዝክ ትቀጣለህ፣ ፍሬ በሊታዋ ግን ለዘመናት እንደ ተባይ ስትታይ ኖራለች። ሰው የሚፈራው ሻርክ ጠበቃ አለው፣ በየቤታችን ፊት የምታድረው ግን ፎም ተነፋባት። ወረቀታችሁ ላይ እኩል አደገኛ ያላችኋቸው ሁለቱ እንስሳት አያያዛቸው እንዲህ ነው የሚለያየው።

የጉብኝቱን መሰረዝ በተመለከተ ብዙ አልልም። የዕብራይስጥ ተናጋሪዎቹ የማታ ጉብኝት ግን በዚያው በማትናሱ ሰሌዳ ላይ እንዳለ ተለጥፏል፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ፊኩስ ሥር። አደጋው ቋንቋ እየለየ ነው እንዴ? የኛ ቡድን ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ እናቶች በዕብራይስጡ ቡድን ሲሄዱ ዝም ብለው ቆመው ነው የሚመለሱት፣ በኛው ግን ይጠይቃሉ ይከራከራሉ ለልጆቻቸው ያስረዳሉ። ልጅ እናቱ አንድ ነገር ስታውቅ ማየቱ ቀላል አይደለም፣ እዚህ አገር ልጅ ለእናቱ አስተርጓሚ ሆኖ በሚያድግበት።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይሄን ነው። ወረቀቱ ተሰብስቦ በሁለት ይከፈል፣ ሻርክ ለብቻው የሌሊት ወፍ ለብቻው፣ ፎቶዎቹ የዚሁ አገር እንስሳት ይሁኑ፣ አማርኛውን ከመታተሙ በፊት አማርኛ የሚያነብ ሰው ይየው (እኔ በነፃ አያለሁ፣ ሌሎችም አሉ)። ሁለቱ ጉብኝቶቻችን ይመለሱ፣ ካልተመለሱ ምክንያቱ ማን እንደወሰነው ተጠቅሶ በጽሑፍ ይሰጠን፣ ከኖቬምበር በፊት፣ አውቶቡስ ቀድሞ መያዝ ስላለበት። ከእንግዲህ የትኛውም የሌሊት ወፍ ያለበት ቀዳዳ ልጆቹ መብረር ሳይችሉ አይደፈን፣ ሲደፈንም መውጣት እንጂ መግባት የማይቻልበት መውጫ ተደርጎለት ጥቂት ቀን ይጠበቅ፣ ከመደፈኑ በፊትም ለነዋሪው ይነገር። ስለ ልጁ ጉዳይ ደግሞ ከኢሪያው ሰው ትምህርት ቤቱ ሄዶ ለዚያ ኪታ ስለ ማርበርግም ስለ አታሌፍም በትክክል ያስረዳ፣ ሜጋሼር (አገናኝ) ካስፈለገ እኔ አብሬ እሄዳለሁ፣ እናትየውም ትኑር።

መልሳችሁን በማትናሱ በኩል እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአማርኛ ተናጋሪ ወላጆችና ልጆች የተፈጥሮ ጉብኝት ቡድን አስተባባሪ፣
የሁለት ልጆች እናት